ማንም ስሙ ሳይጠራ አይቀርም፦ ለአዳራሽ ኮሚቴው የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ወንድይራድ
የድርና ማግ መረዳጃ ማኅበር የአዳራሽና የባህል ጉዳዮች ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ሲልቨር ስፕሪንግ

ጉዳዩ፦ ስለተሰጠን ክብር ማመስገንንና የተሰጠን ክብር በአስቸኳይ እንዲነሣልን መጠየቅን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና አሥራ አንድ አባላት ላሉት ኮሚቴዎ ጤናና ሰላም፣ ለጉልበትዎ ብርታት፣ ለደም ግፊትዎም ልክ እየተመኘሁ፣ የሚከተለውን ከባድ ዜና በታላቅ ሐዘን አስታውቃለሁ፦ በአዳራሹ ሰሜናዊ ግድግዳ ላይ፣ ከግራ ሲቆጠር ሦስተኛው ሚስማር ላልቷል። ሚስማሩ ግዳጁን በታማኝነት ሲወጣ ቆይቶ ባለፈው ሐሙስ የግድግዳውን ቀለም ልጦ፣ አንገቱን ደፍቶ ተገኝቷል። ለባልደረቦቹ ለስምንቱ ሚስማሮች መጽናናትን እመኛለሁ።

እኔ አመልካቹ መንገሻ እባላለሁ፤ ነዋሪነቴ አሌክሳንድሪያ ነው፤ ዘንድሮ በሥነ ጥበብ የምትመረቀው፣ ወይም ትመረቃለች ተብላ የነበረችው፣ የሂዊ አባት ነኝ። ሚስማሮቹን በገዛ እጄ የመታሁ እኔ ስለሆንኩ የሦስተኛው መላላት አስቀድሞ የሚያሳፍረው እኔን ነው። ይሁን እንጂ ሚስማር የተፈጠረው አንድ ሥዕል ተሸክሞ በሰላም እንዲኖር ነው እንጂ፣ አንድ ሥዕል በዘጠኝ ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ እየወረደ ስድስት ጊዜ እንዲሰቀልበት አይደለም። ማን እንዳወረደው፣ ማን እንደሰቀለው፣ ለምንስ እንደሆነ ከዚህ በታች በተራ ቁጥር አስረዳለሁ። ቁጥር ሲደረደር ቅሬታ ይመስላል፤ እርስዎ ግን እንደ ምስጋና እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ፦ ግድግዳ ስለሰጡን እናመሰግናለን።

ልጄ የምትማርበት ኮሌጅ፣ በሥነ ጥበብ የሚመረቅ ተማሪ ሁሉ ከግቢው ውጭ፣ «በገዛ ማኅበረሰቡ መካከል» ሥራውን በኤግዚቢሽን እንዲያሳይ ያዝዛል። ያላሳየ አይመረቅም። ይህን ደንብ ያወጣው ሰው ማኅበረሰባችንን የሚያውቀው አይመስለኝም፤ የሚያውቀው ከሆነ ደግሞ ተማሪ አይወድም። እኔና ሂዊ ከጥር ጀምሮ ግድግዳ ፍለጋ ያልረገጥነው ደጃፍ የለም። በአሌክሳንድሪያ አሮጌው ከተማ ያለ አንድ ጋለሪ በታላቅ ጨዋነት ተቀብሎን ተራዋ በሦስተኛው ዓመት እንደሚደርስ ነገራት። እዚያው እናንተ ሠፈር ያለ አንድ ባለ ምግብ ቤት ሥዕሎቹን በስልኳ ላይ አንድ በአንድ ካየ በኋላ «የኔ ልጅ፣ ሰዎቹ እኮ ደክሟቸዋል፤ ደንበኛዬ ክትፎ እየበላ የደከመ ሰው ባያፈጥበት ይሻላል፤ ፏፏቴ ነገር የለሽም?» አላት። የምናመልክበት ጉባኤ ሽማግሌዎች ደግሞ በብዙ ፍቅር አነጋግረውን፣ ግድግዳው የመዝሙር ግጥም የሚታይበት ስለሆነ ሥዕሎቹን መስቀል የሚቻለው ምእመናን ዐይናቸውን ጨፍነው በሚጸልዩበት ሰዓት ብቻ እንደሆነ አስረዱን።

ማኅበርዎ «ለአራቱ ምሩቃን ልጆቻችን አዳራሹ ክፍት ነው» ብሎ የጠራን እንግዲህ በዚህ መካከል ነው። አልዋሽዎትም፣ ስልኩን ዘግቼ መኪናዬ ውስጥ አለቀስኩ። በመክፈቻው ዕለት ንግግሩ ሁለት ሰዓት ከሩብ መፍጀቱን፣ ለአራቱ ምሩቃን በድምሩ አራት ደቂቃ መሰጠቱንና ከአራቱ ደቂቃ አንዷ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ ይሰማል?» በማለት ማለፏን የማነሣው ለወቀሳ አይደለም። የምሩቁ የኢዛና ሥራ አሥራ ሁለት ታጣፊ ወንበሮች እርስ በርስ ተነባብረው ጣሪያ ሊነኩ ጥቂት የቀራቸው ግንብ ነበር፤ ወንበር ሲያጥር ኮሚቴው ግንቡን አፍርሶ እንግዳ አስቀመጠበት፤ እናቱም ከልጃቸው ሥራ በአንዱ ላይ ተቀምጠው ሲያጨበጭቡ አመሹ። ልጁ አልተቀየመም። ሥራው ለማኅበረሰቡ ቀጥተኛ ጥቅም የሰጠ ብቸኛ ምሩቅ እሱ ነው።

ሁለተኛ፦ ስማችንን ስለጠሩ እናመሰግናለን።

የሂዊ ሥዕሎች ዘጠኝ ናቸው። ዘጠኙም እኛ በየቀኑ የምናውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ሺፍታቸውን ጨርሰው፣ ዩኒፎርማቸውን ሳያወልቁ፣ ቤታቸው ሳይደርሱ ባለችው በዚያች አጭር ሰዓት ላይ የተሳሉ። ከክሪስታል ሲቲ የፓርኪንግ ዳሱ ውስጥ የወጣ ሰው አለ፤ የሆቴል አንሶላ ስታጥፍ ውላ ጣቶቿን መዘርጋት ያቃታት አለች። ሂዊ ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር የጻፈችው ያቺን ሰዓት ብቻ ነበር፤ «ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥር»፣ «ከንጋቱ አሥራ ሁለት ተኩል»፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ስም አልጻፈችም። ሰዎቹን ቁጭ በሉልኝ ብላ ስትለምን «ፊታችሁን እንጂ ስማችሁን አልወስድም» ብላ ቃል ገብታላቸው ነበር። ልጅቷ እዚህ ተወልዳ ማደጓን አይዩ፤ ጊዜው ምን እንደሆነ ታውቃለች።

ከዘጠኙ አንዷን በዚህ ደብዳቤ ወይዘሮ ተናኘ እያልኩ እጠራቸዋለሁ። ስማቸው ተናኘ አይደለም፤ ትክክለኛውን የፈለገ ግድግዳዎ ላይ ያገኘዋል። ወይዘሮ ተናኘ አንድ በዕድሜ የገፉ ፈረንጅ የሚያስታምሙ፣ እኔና እናቷ ድርብ ሺፍት በምንሠራበት ዘመን ሂዊን አዝለው ያሳደጉ ሴት ናቸው። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳያቸው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት ተቀምጧል። በሥዕሉ ላይ የባስ ማቆሚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ጫማቸውን አውልቀው፣ አንዱን እግር በሌላው ላይ ጭነው ይታያሉ፤ ፊታቸው ሊሥቁ ሲሉ አንድ ነገር ትዝ ያላቸው ይመስላል። ሦስተኛው ሚስማር የተሸከመው እሳቸውን ነበር።

የኮሚቴው ጸሐፊ ወይዘሮ ብሩክታይት ግን ሰዓቶቹን አይተው ከልባቸው አዘኑ። «ሰው እንዴት ያለ ስም ይሰቀላል? ዕቃ ነው እንዴ?» አሉ። ከአራት ዓመት በፊት በዓመት በዓሉ ላይ ስምንት ትሪ ሳምቡሳ ያመጡ እናት ስማቸው ከምስጋናው ዝርዝር በመዘለሉ፣ አርባ ሦስት ዘመዶቻቸውን አስከትለው ወጥተው ከመንገዱ ማዶ ሌላ ማኅበር ማቋቋማቸውን አልረሳንም፤ «ማንም ሰው ስሙ ሳይጠራ አይቀርም» የሚለው የደንባችሁ አንቀጽ አሥራ አራት የተጻፈውም በዚያው ሰሞን ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት ወይዘሮ ብሩክታይት ለዘጠኙም ኮል አድርገው «ለሰርተፊኬት ነው» አሉ። ሰርተፊኬት የሚጠላ ሰው በመካከላችን ስለሌለ ሁሉም ተናገረ። ወይዘሮ ተናኘ የአያታቸውን ስም ፊደል በፊደል አስጻፉ።

በማግሥቱ ሰዓቶቹ ተነሥተው በምትካቸው በፕላስቲክ የተለበጠ፣ በአራት ብሎን የታሰረ ሰሌዳ ተተከለ። ምን እንደሚል እዚህ አልገለብጠውም፤ አንድ ግድግዳ ይበቃዋል። በደምሳሳው ግን ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የትውልድ ቦታ፣ የሚሠሩበት ቤት ያለበት መንገድ፣ የሚገቡበትና የሚወጡበት ሰዓት፣ የሚሳፈሩበት ባስ ቁጥርና የሚያመልኩበት ጉባኤ ይዟል። ከሁሉ በታች ደግሞ በደማቅ ፊደል «ጉዳያቸው በፍርድ ቤት እንዲሳካላቸው ማኅበራችን ይጸልያል» የሚል ተጨምሯል። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ነው፤ እንግሊዝኛው ይበልጥ ጥርት ያለ ነው። ስለ ጸሎቱ እግዜር ይስጥልን። ጸሎት ወደ ላይ ይሄዳል ብለን ነበር የምናምነው፤ ይሄኛው ወደ ጎን ሄደ።

ሦስተኛ፦ ለዓለም ስላሳወቁን እናመሰግናለን።

«ዳላስና ሲያትል ያሉ ወገኖቻችን እንዳይቀርባቸው» በሚል በጎ አሳብ መክፈቻው በማኅበሩ ገጽ ላይ በላይቭ ተላልፏል። ካሜራ የያዙት ወንድማችን ለእያንዳንዱ ሥዕል አምስት ሰከንድ፣ ለእያንዳንዱ ሰሌዳ ደግሞ «ጽሑፉ እንዲነበብ ብዬ ነው» እያሉ አርባ ሰከንድ ሰጥተዋል። እልልታው ብዙ ነበር። አንዲት ሴት «ኧረ በፈጠራችሁ ይሄን ነገር አውርዱት» ብላ ብትጽፍ ማኅበሩ የቀይ ልብ ምልክት መለሰላት። አንድ ፎቶ የሌለው፣ ከወር በፊት የተከፈተ አካውንት ደግሞ በእንግሊዝኛ «ደስ ይላል፤ ይህ የት ነው?» ብሎ ጠየቀ። የአዳራሹ አድራሻ፣ ካርታው፣ የሚከፈትበት ሰዓትና «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ቃል በሁለት ደቂቃ ውስጥ ደረሰው። እኔ ለአዳራሽ ኪራይ ጥያቄ ስልክ ደውዬ መልስ ያገኘሁት በአሥራ ሰባተኛው ቀን ስለነበር፣ በዚህ ቅልጥፍና መኩራቴን ልደብቅ አልችልም።

አራተኛ፦ እንግዳ ስለተቀበሉ እናመሰግናለን።

ኤግዚቢሽኑ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ በምሳ ሰዓት፣ ሁለት ሰዎች መጡ። ይህን የነገሩኝ የአዳራሹ ጠባቂ አቶ በፈቃዱ ራሳቸው ናቸው፤ ሲነግሩኝም ደስ ብሏቸው ነበር። «መንገሻ፣ ፈረንጅ ራሱ የልጅህን ሥራ ሊያይ መጣ፤ ደግሞ ጨዋነታቸው!» አሉኝ። ምን አዩ ብዬ ብጠይቅ፣ ለካ ጨዋዎቹ ሰዎች ከሰሌዳው በላይ ቀና ብለው አላዩም። ዘጠኙንም ሰሌዳ አንድ በአንድ በስልካቸው ፎቶ አነሡ። ሦስተኛው ዘንድ ሲደርሱ ሴትዮዋ ዛሬ እዚህ ትገኝ እንደሆነ ጠየቁ። አቶ በፈቃዱ ደግ ሰው ስለሆኑ፣ ዛሬ ሥራ ላይ እንደሆኑና ስምንት ሰዓት ላይ እንደሚወጡ፣ በጣታቸው ሰሌዳውን እያሳዩ ነገሯቸው። ሲሄዱም ባዶ እጃቸውን እንዳይሄዱ ሳምቡሳ በፎይል ጠቅልለው አስያዟቸው።

ስማቸውን ጠየቋቸው ወይ ብል አቶ በፈቃዱ ተቆጡኝ፤ «እንግዳ ስሙን ይጠየቃል እንዴ? ነውር አይደለም?» አሉኝ። እንግዲህ ማንም ሰው ስሙ ሳይጠራ በማይቀርበት አዳራሽ፣ ማን እንደሆኑ ሳይታወቅ ገብተው የወጡ ሁለት ሰዎች ቢኖሩ እነሱ ብቻ ናቸው።

ሥዕል ወዳዶች ሊሆኑ ይችላሉ። የኢንሹራንስ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። የሕንፃውን ብሎን ሊቆጥሩ የመጡም ይሆናሉ። ይህን በቀን ሃያ ጊዜ ያህል ለራሴ እነግረዋለሁ፤ ራሴ ግን አይሰማኝም። የስልክ ግሩፓችን አባላት በሙሉ ዘንድሮ የአየር ጠባይ ባለሙያ ሆነዋል፤ ፈቃድ የሌለውን የሚለቅሙት የኢሚግሬሽን ሰዎች በአካባቢው ታዩ ለማለት «በዚያ በኩል ዝናብ አለ» ብለው ይጽፋሉ። መስኮት ስከፍት ፀሐዩ ያቃጥላል። እኔ ዜጋ ነኝ፤ ከዳኛ ፊት ቀኝ እጄን አንሥቼ የማልኩ፣ በምርጫ ቀን ተሰልፌ ተለጣፊዋን ደረቴ ላይ የለጠፍኩ ሰው ነኝ። ፓስፖርቴ አሥር ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ የደረት ኪሴ ውስጥ ነው፤ ወተት ልገዛ ስወርድም ይዤው እወርዳለሁ፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ዘጠና ሣንቲም ስትጠይቀኝ እሱን አውጥቼ ሰጥቻታለሁ።

አምስተኛ፦ ሕግ ስላከበሩ እናመሰግናለን።

ወይዘሮ ተናኘ ወሬውን የሰሙት ከሥራ ሊወጡ ግማሽ ሰዓት ሲቀራቸው ነው። በኋላ በር ወጥተው፣ ባሱን ትተው፣ አርባ ደቂቃ በእግራቸው ሄዱ። ከመንገድ ላይ ለሂዊ ደውለው ያሏት ይህን ነው፦ «ልጄ፣ ሥዕሉን ወድጄዋለሁ፤ እኔን ግን አውርጂኝ።»

ሂዊ ያን ዕለት ማታ ከአሌክሳንድሪያ ባቡር ቀይራ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መጥታ ሥዕሉን አውርዳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው፤ ሰሌዳውን ግን ብሎኑ አልላቀቅ አላት። በነጋታው አቶ በፈቃዱ በእርስዎ ትእዛዝ መልሰው ሰቀሉት። እሷ አወረደች፣ እሳቸው ሰቀሉ፤ ስድስት ጊዜ። ሁለቱም አልተጣሉም፤ በአምስተኛው ጊዜ አቶ በፈቃዱ መሰላሉን ያዙላት፤ «ነገ እሰቅለዋለሁ፣ አትቀየሚኝ የኔ ልጅ፣ ትእዛዝ ነው» አሏት። በላክንልዎ ማመልከቻ ላይም ፈጣን መልስ ሰጡን፦ በኤግዚቢሽን መካከል ለውጥ ማድረግ የሚቻለው በጠቅላላ ጉባኤ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው፤ ጉባኤው ሰኔ ላይ ይጠራል፤ ምልዓተ ጉባኤ ግን ባለፉት ስድስት ዓመታት ተሟልቶ አያውቅም።

ልባችሁ ርኅሩኅ ስለሆነም አማራጭ አቀረባችሁልን። ኮሚቴው በሙሉ ዜጋ በመሆኑ አባላቱ የገዛ ፊታቸውን በፈቃደኝነት እንዲሰጡ፣ ሂዊም ዩኒፎርሙን፣ እጁንና የደከመውን እግር እንዳለ ትታ ፊቱን ብቻ እየቀየረች እንድትሥል ወሰናችሁ። ለእርስዎ የደረሰው የወይዘሮ ተናኘ ሥዕል ነበር። ጢምዎን፣ መነጽርዎን፣ ከዚያ በታች የአስታማሚ ልብሱንና አንዷን የወለቀች ጫማ ሳስበው እስካሁን ሣቄ ይመጣል፤ ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ የሣቅሁትም ያን ጊዜ ብቻ ስለሆነ ባለውለታዬ ነዎት። ድካሙ የእነሱ፣ ፊቱ የእናንተ፤ ማኅበሩ ላለፉት አሥራ ስምንት ዓመታት የሠራበት መንገድ በዘይት ቀለም ሊቀመጥ ነበር። ሂዊ ግን ደብዳቤውን አንብባ መጀመሪያ ሣቀች፣ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ ቆየች።

ከቀሩት ስምንት ሰዎች ሦስቱ ስልክ አያነሡም። አንዱ ሥራውን ጥሎ ሌላ ስቴት ሄዷል ይባላል። የወይዘሮ ተናኘ አዛውንት ፈረንጅ በቀን ሦስት ጊዜ ደውለው «የኔ ሴትዮ መቼ ነው የምትመጣው?» ይላሉ፤ ከእሳቸው እጅ በቀር ከማንም እጅ ኪኒን አልቀበል ብለዋል። ወይዘሮ ተናኘ የት እንዳሉ እንድገልጽ አንቀጽ አሥራ አራት ቢያስገድደኝም አልናገርም፤ ምላሴን አስሬያለሁ። ደህና ናቸው። ምግብ ላይ አልበረቱም። ፓርኪንጋችን ውስጥ የመኪና በር በተዘጋ ቁጥር ቴሌቪዥኑን ያጠፋሉ። ሸሚዞቼን በሙሉ፣ የማልለብሳቸውን ሳይቀር፣ ተኩሰው ጨርሰዋል።

ስድስተኛ፦ ሰሌዳውን በብሎን ስላሰሩት እናመሰግናለን።

ባለፈው ሐሙስ ሂዊ አንዱን ማውረድ ትታ ዘጠኙንም አወረደች። ተሸክሜ መኪና ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሰሌዳዎቹን ልንፈታ ስንል ግን ወይዘሮ ብሩክታይት በስልክ አስቆሙን፦ «ሥዕሉ የተማሪዋ ነው፤ ጽሑፉ ግን የማኅበሩ ንብረት ነው፤ ደክመንበታል።» እውነት ነው፣ ደክመውበታል። ሥዕል በአንድ ሚስማር፣ ስም በአራት ብሎን። ስለዚህ ዛሬ ወደ አዳራሽዎ የሚገባ ሰው ዘጠኝ ባዶ ቦታና ዘጠኝ ሙሉ አድራሻ ያያል። በበሩ ላይ «የምሩቃን የሥዕል ኤግዚቢሽን፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ለሕዝብ ክፍት ነው» የሚለው ማስታወቂያ አልተነሣም።

ሰኞ ዕለት የሂዊ ፕሮፌሰር ሊያርሙ መጡ። ሥዕሎቹ መውረዳቸውን ሳንነግራቸው ቀድመውን ገብተው ኖሮ፣ ባዶውን ግድግዳ ፊት ለፊት ቆመው አገኘናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ወደ ልጄ ዞረው፣ በሃያ ሁለት ዓመት የማስተማር ዘመናቸው እንዲህ ያለ ደፋር ሥራ ከተማሪ አይተው እንደማያውቁ፣ ፊቶቹን አስቀርቶ መረጃውን ብቻ መስቀል የዘመኑን ፍርሃት በሙሉ እንደሚናገር፣ ሙሉ ማርክም እንደሚሰጧት ገለጹ። ዓርብ ዕለት ሌሎቹ ፈታኞች መጥተው እስኪያዩት ድረስ አንድም ብሎን እንዳይነካ ለመኗት።

ክቡር ሊቀ መንበር፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ኮሚቴዎ ሙሉ ማርክ አግኝቷል።

ልጄ ዝም ብትል ኖሮ በሚቀጥለው ሳምንት ጥቁር ካባ ለብሳ ትመረቅ ነበር። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ዝም በይ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር፤ አራት ዓመት በአውሮፕላን ማረፊያ መንገድ ላይ ተሳፋሪ ያመላለስኩት ለዚያች ካባ ነው። እሷ ግን ለፕሮፌሰሯ «ይሄ አርት አይደለም፣ አድራሻ ነው፤ የሠራሁትም እኔ አይደለሁም፤ ዛሬውኑ መውረድ አለበት» አለቻቸው። ፕሮፌሰሩም አዝነው፣ እንዲህ ከሆነ ዓርብ ዕለት ለፈታኞቹ የምታሳየው ነገር ስለሌለ ዘንድሮ አትመረቅም ብለው ሄዱ። ወደ ቤት ስንመለስ ድልድዩን ተሻገርን። ከዚያ እኔ «አይዞሽ» አልኳት፤ እሷ «አባዬ፣ መንገዱን እይ፣ ከኋላችን ያለው መኪና ከሲልቨር ስፕሪንግ ጀምሮ አልተለየንም» አለችኝ። ሁለት መውጫ ቀድሜ ወጣሁ። መኪናው ቀጥ ብሎ ሄደ። ልብስ የሚያደርስ ቫን ነበር። መንገድ ዳር አቁሜ አሥር ደቂቃ ጠበቅን።

ስለዚህ ኮሚቴዎን በታላቅ አክብሮት የምለምነው ከዚህ የሚከተለውን ብቻ ነው። ሠላሳ ስድስቱ ብሎኖች ዓርብ ሳይደርስ ይፈቱልን፤ መፍቻ ከሌላችሁ የራሴን ይዤ እመጣለሁ፤ ብሎኑንም ቆጥሬ አስረክባለሁ። ቪዲዮው ከገጹ ይውረድልን። የሰሌዳዎቹ ጽሑፍ ሳይቀር ታትሞበት ለእንግዳ ከታደለው ብሮሹር የተረፈው አዳራሹ በር ላይ «ይውሰዱ» ከሚለው ሳጥን ይነሣልን። ማንም መጥቶ ስለማንም ቢጠይቅ አቶ በፈቃዱ «አላውቅም» የሚለውን ቃል እንዲለማመዱ ይደረግልን፤ ለዕድሜያቸው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ይችሉታል። ግድግዳውን አንጠይቅም፤ ልጄ ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ ትፈልጋለች። ሰርተፊኬትም አንፈልግም። አንዲት ሴት ከስምንት ሰዓት በኋላ ባስ ማቆሚያ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ማውለቅ ትችል ዘንድ ስሟን እንድትረሱላት ብቻ ነው የምንለምነው። ለአራት ዓመት የማንንም ስም ላለመርሳት የደከመ ማኅበር ለአንድ ጊዜ እንዲረሳ መጠየቅ ድፍረት እንደሆነ ይገባኛል።

ወደፊትም በረጅም ንግግር፣ በአጭር ማይክሮፎንና በጠንካራ ብሎን ምሩቃንን የምታበረታቱበት ዕድሜ እንዲሰጣችሁ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ከዚያም በላይ መጎንበስ ወገቤ ስላልፈቀደልኝ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣

የሁልጊዜ አክባሪዎና የአዳራሽዎ ሚስማር መቺ
መንገሻ
ከአሌክሳንድሪያ

ግልባጭ፦
ከመንገዱ ማዶ ላለው ማኅበር (ስማቸው በጊዜው ስላልተጠራ)

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ በሚቀጥለው ዓመት ከሚመረቁት ልጆቻችን አንዷ ሩሃማ ትባላለች፤ የሰው ፊት በመሣል እኩዮቿን ሁሉ የምታስከነዳ ልጅ ነበረች። የእኛን ወሬ ከሰማች ወዲህ ፊት መሣል ትታ ሎሚ መሣል ጀምራለች። ጥሩ ሎሚ ነው። ሎሚ የፍርድ ቤት ቀጠሮ የለውም፣ ሺፍት የለውም፣ ባስ አይሳፈርም። ወይዘሮ ብሩክታይት ለሰሌዳው እንዳይቸገሩ የዛፉን፣ የአትክልተኛውንና የግሮሰሪውን ስም ከወዲሁ አዘጋጅተን እንልካለን።

እርማት፦ ይህ ደብዳቤ በየግሩፑ ከተሠራጨ በኋላ የተጨመረ። በተራ ቁጥር አምስት ላይ በጸሐፊው ቤት ውስጥ ሸሚዝ የሚተኩስና ቴሌቪዥን የሚያጠፋ ሰው እንዳለ የሚያስመስል አገላለጽ በስህተት ገብቷል። ጸሐፊው እንግዳ የላቸውም። ሸሚዛቸውን የሚተኩሱት ራሳቸው ናቸው። ቴሌቪዥን የላቸውም። የሚኖሩትም አሌክሳንድሪያ አይደለም።